ኮምቦልቻ ላይ መኪና ፒፒኤፍ ማስለበስ፦ ሥራው የሚያስመሰግን፣ ሂሳቡ የሚያስቆጣ

ዘንድሮ ለእረፍት ደሴ በመጣሁበት ጊዜ የእህቴን ሱዙኪ ዲዛየር የፊት ክፍል፣ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ቤት የቀለም መከላከያ ፊልም ወይም በተለምዶ ፒፒኤፍ የሚባለውን አስለብሼላት ነበር። ከውጭ መጥታችሁ ለቤተሰብ ተመሳሳይ ስጦታ ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ፣ መኪናውን አዲስ አበባ ድረስ መላክ ሳያስፈልግ እዚሁ ጥሩ ሥራ ማግኘት እንደሚቻል ላረጋግጥላችሁ እችላለሁ። ይሁን እንጂ የሚለጥፈው ልጅ እጅና የባለቤቱ አፍ ለየቅል ናቸው። የቤቱን ስም ሳልጠራ፣ ምን እንደተሠራልኝና ምን እንደተጠየቅሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊትም ምን ማስጻፍ እንደሚኖርባችሁ እነግራችኋለሁ።

እህቴ ደሴ ኖራ ኮምቦልቻ የምትሠራ በመሆኗ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ ወርዳ ትወጣለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ከጠመዝማዛነቱ የተነሳ ከጭነት መኪና ኋላ ተከትሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ የማይኖርበት ጊዜ ይበዛል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ ተሽከርካሪ ኮምቦልቻ ላይ ስለሚገናኝ፣ አሸዋና ጠጠር የጫነውም ሲኖትራክ ሸራ ሳይለብስ ስለሚከንፍ፣ የትንሽ መኪና ኮፈንና ባምፐር ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም። ጎማ ባሹበት ጨርቅ ኮፈን የሚያሹት የላቫጆ ልጆች ያደረሱት ጭረት ደግሞ ሌላ ነው። ቀድሞ «ቀለም ይቀባል» ተብሎ ይታለፍ የነበረው ጉዳት ዛሬ ዋጋው ከባድ ነው፤ ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የፋብሪካ ቀለሙ ያልተነካ መኪና የያዘ ሰው እንደ ንብረት ጠብቆ ሊይዘው ይገባል፤ ደላላውም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀለም ነክቷታል?» ብሎ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ጥሩው ፊልም ቴርሞፕላስቲክ ፖሊዩሪቴን ወይም ባጭሩ ቲፒዩ ከሚባል የሚለጠጥ ነገር የተሠራ፣ ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚደርስ ግልጽ ሽፋን ነው። የአብዛኛው መኪና የፋብሪካ ቀለም ከሥረኛው ንጣፍ እስከ ላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ተደምሮ ከዚያ እንደሚያንስ ስታስቡት፣ ጠጠሩ ለምን ፊልሙ ላይ እንደሚቀር ይገባችኋል። ሴራሚክ ኮቲንግ የሚባለው ግን ውፍረቱ በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ፈሳሽ ስለሆነ ውኃና ቆሻሻ እንዳይያዝ ይረዳል እንጂ ጠጠር አይመልስም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው ቤት እለፉ። ሦስተኛውና በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከፒቪሲ የተሠራው ርካሽ ላስቲክ ነው። ሲለጠፍ ከጥሩው አይለይም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ሲነሣም እየተቆራረጠ ሙጫውን ቀለሙ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ደሴ እያለሁ ለምን ኮምቦልቻ ወረድኩ የሚል ካለ ምክንያቴ ብርዱ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ላሜራው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ፊልሙ በቅዝቃዜ ይደነድናል፤ ሙጫውም ቶሎ አይዝም፤ ሠራተኛው በሙቅ አየር ሲያስገድደው ደግሞ ከመጠን በላይ ይለጠጥና የመለጠጥ መስመር ይተውበታል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች በመሆኗ ለዚህ ሥራ አየሯ የተመቸ ነው። አቧራዋ ግን ጠላት ነው፤ ስለዚህ ቤቱን ስትመርጡ የሚለጠፍበት ክፍል በር የሚዘጋ፣ ወለሉም በሲሚንቶ የተለሰነና በውኃ የሚረጭ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። እኔ የሄድኩበት ቤት ይህን ያሟላ ነበር።

የምኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። በክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው አሸዋና ጠጠር የመኪና መስታወትና ኮፈን ሲፈጅ ስለሚከርም ፒፒኤፍ እዚያ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ የራሴንም መኪና የፊት ክፍል ከ2,000 የካናዳ ዶላር በላይ ከፍዬ አስለብሻለሁ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ስገባ የምጠይቀውን አውቅ ነበር። ባለቤቱ ግን ጥያቄውን የምጠይቀው እኔ ሴቷ ብሆንም፣ ሲመልስ የሚያየው የእህቴን ባል ነበር። አማቼ ስለ መኪና ከቤንዚን ዋጋ በስተቀር የሚያውቀው ነገር እንደሌለ በግልጽ እየነገረውም ቢሆን፣ ማብራሪያው ሁሉ ወደ እርሱ ነበር የሚሄደው።

ፊልሙን የሚለጥፈው ልጅ ግን የተለየ ሰው ነው። ዱባይ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ቆይቶ የተመለሰ፣ ዕድሜው ሠላሳ የማይሞላ ወጣት ነው። «ይህ ቲፒዩ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» ብዬ ስጠይቅ አለቃው ማውራት ሲጀምር፣ እርሱ ምንም ሳይናገር ከጥቅሉ ጫፍ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆረጠ። በሁለት እጁ ለጥጦ ለቀቃት፤ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። ቀጥሎ ቁራጯን አሮጌ በር ላይ ለጥፎ በመኪና ቁልፍ ጫር ጫር አደረጋትና ከጎረቤት ቡና ከምታፈላዋ ልጅ ፔርሙዝ ተቀብሎ የሻይ ውኃ አፈሰሰባት። ጭረቱ ከዳር ወደ መሃል እየሳሳ ዓይናችን እያየ ጠፋ። ፒቪሲ ቢሆን ኖሮ ሲለጠጥ እዚያው ይቀር ነበር፤ ጭረቱም ባልተዘጋ። ይህን ፈተና ከማንኛውም ቤት ጠይቁ፤ የሚጠይቀው ቁራጭ ፊልምና ትኩስ ውኃ ብቻ ነው፣ እምቢ የሚላችሁ ቤት ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ያስደነቀኝ ነገር በስተቀኝ ያለው ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከፊት ጎማ በላይ ያለው ላሜራ ላይ የሆነው ነው። እህቴ መኪናዋን ስትገዛ «ምንም ያልነካት» ተብሎ ነበር የተሸጠላት። ልጁ የፊት መብራቱ ጠርዝ ላይ ያለውን ላስቲክ በጥፍሩ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ የደረቀ የቀለም ብናኝ አሳየን። «ይህ በኋላ የተቀባ ነው፤ ጋራዥ የሚቀባው ቀለም የፋብሪካውን ያህል አይዝም። ዛሬ ላለብሰው እችላለሁ፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ፊልሙ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ሊነሣ ይችላል፤ እወቁልኝ» አለን። ገንዘብ የሚያስቀርበትን ነገር ሳይጠየቅ የተናገረ ሠራተኛ በየትኛውም አገር ብዙ አላየሁም። እህቴ ይሁን ብላ ተስማማች።

የአሠራሩ ጥንቃቄም እንዲሁ ነው። መኪናውን አጥቦ ካደረቀ በኋላ ቀለሙ ላይ የተሰካውን የብረት ብናኝና ሬንጅ ለቅሞ የሚያወጣ ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር ኮፈኑን በሙሉ አሸበት። ፊልሙንና ላሜራውን የሕፃናት ሻምፑ በተቀላቀለበት ውኃ አርሶ አስቀመጠና ከመሃል ወደ ዳር ውኃውን እየገፋ አስወጣ፤ መያዝ ያለበት ጥግ ላይ ብቻ አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ ረጨ። የእኛን መኪና ልክ አስቀድሞ የሚቆርጥ ማሽን ስለሌላቸው ፊልሙ የሚቆረጠው መኪናው ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ የዚህ ሥራ ዋና አደጋ ነው፤ ምላጭ ከቀለሙ አልፎ ላሜራውን ከነካ ዝገቱ ከፊልሙ ሥር ተደብቆ ይጀምራል። ልጁ ምላጩን ምንጊዜም ወደ ውጭ አዘንብሎ፣ በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነበር የሚያስኬደው። ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፎ በሙቅ አየር ሲያስይዘው ጠርዙ የት እንዳለ በጣቴ ዳስሼ እንኳ ማግኘት ተቸግሬያለሁ። በግራ ፓራፋንጎ ሥር አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቀርታለች፤ ኤድመንተን ውስጥ የራሴ መኪና ላይ ሦስት ስላሉ ስለ እርሷ አልከራከርም።

እንግዲህ ወደ መረረኝ ነገር ልምጣ።

መኪናውን ሰኞ ጠዋት ስናስረክብ የተነገረን ረቡዕ ማታ ውሰዱ ተብሎ ነበር። ረቡዕ ስንደውል መብራት ሄዷል ተባልን፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ያለ ሙቅ አየርም ጠርዝ አይታጠፍም። ጀነሬተር እንዳላቸው ግን በዓይኔ አይቻለሁ። «ነዳጅ ሰልፍ ነው» ተባለ። ሐሙስ መብራት መጣ፤ ፊልሙ አልበቃ ብሎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እየመጣ ነው ተባለ። ዓርብ ልጁ ታሟል ተባልን። በደወልን ቁጥር ባለቤቱ «አብሽሪ እታለም፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አለቀ በይው» ይላል። ይህን የአገሬን ቃል ባሕር ማዶ ሆኜ ስሰማው ሆዴን የሚያላውሰኝ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን «አብሽሪ» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጠርጠር ጀምሬ ነበር። እህቴ በየቀኑ በሚኒባስ ተጋፍታ እየወረደች ከሥራ ታረፍዳለች።

በመጨረሻ ቅዳሜ ሳንደውል ሄድን። ታሟል የተባለው ልጅ ደህና ነው፤ መብራትም አለ። የእህቴ መኪና ባምፐሩ ተፈትቶ ጥግ ላይ ቆማለች፤ በእርሷ ቦታ አንድ ትልቅ ላንድክሩዘር ገብቶ እየተሠራ ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እኔ እንዳዘዙኝ ነው» አለ። ለባለቤቱ የምለው አጥቼ ዝም አልኩ። ወረፋ መዝለል በየትም አለ፤ ትልቅ ሥራ ስለመጣብኝ ሁለት ቀን ታገሡኝ ቢል ኖሮ በታገሥነው። በየቀኑ አዲስ ምክንያት ፈጥሮ የሰው ሥራና ጊዜ ማባከን ግን ዓይን ያወጣ ንቀት ነው።

መኪናው አልቆ ልንወስድ ስንሄድ ደግሞ ሂሳቡ ተለውጦ ጠበቀን። የተስማማነው በ70 ሺህ ብር ነበር፤ ኮፈን፣ የፊት ባምፐር፣ ሁለቱ ፓራፋንጎዎችና የፊት መብራቶች ተብሎ፣ እኔ፣ እህቴና አማቼ ባለንበት። ቀብድ 35 ሺህ በቴሌብር ከፍለናል። አሁን በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ የተሰጠን 96 ሺህ ይላል። ጠርዝ ማጠፊያ 8 ሺህ፤ የጎን መስታወቶችና የበር እጀታ ሥር 6 ሺህ 500፤ «ለፊልም ብክነት» 11 ሺህ 500። ደረሰኝ ስጠይቅ 15 በመቶ ታክስ ይጨመራል ተባለ፤ ድምሩ 110 ሺህ 400 ሆነ። ከተስማማንበት ጋር ሳስተያየው ሌላ ግማሽ ኮፈን የተለበሰልን መሰለኝ።

እያንዳንዱን ነገር ጠየቅሁ። ጠርዝ ማጠፍ ሥራው ራሱ ነው፤ ያልታጠፈ ፊልም በመጀመሪያው ላቫጆ ጫፉ ተገልጦ አቧራ ይሞላዋል፤ ሸሚዝ ሰፍቶ ለቁልፍ ማስገቢያው ለብቻ እንደማስከፈል ነው። ብክነት ደግሞ መኪናው ላይ የሚቆረጥ ፊልም ሁሉ ያለው ነገር ስለሆነ ዋጋ ሲቆረጥ የሚታሰብ እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ የደንበኛ ዕዳ የሚሆን አይደለም። ባለቤቱ ዶላር ጨምሯል አለኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ መወደዱን አውቃለሁ፤ እኛ የተስማማነው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በዚያው ሳምንት ነው። ይህን ስነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚያ ያለ ሰው ካለሽ በዶላር ይላክልኝ፤ ጥሩ ቅናሽ አደርግልሻለሁ» አለኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰኞ ዕለት ስለ ኤድመንተን ያወራሁትን ልጁም ሰምቶታል፣ እርሱም ሰምቶታል፤ ልጁ ሥራውን እንደማውቅ ተረድቶ ተጠነቀቀ፤ ባለቤቱ ግን የሰማው ዶላሩን ብቻ ነበር። ከሰው አገር ብርድና ፈረቃ የሚመጣ ገንዘብ እዚህ ዛፍ ላይ እንደሚበቅል የሚቆጠርበት ልማድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከገንዘቡ በላይ ነው የሚያስከፋኝ። በዶላሩ ነገር አልተስማማሁም፤ ሕገወጥ ከመሆኑም ሌላ ደረሰኝ ያስቀራል፤ ያለ ደረሰኝ ደግሞ ዋስትና የሚባል ነገር የለም።

ጠቡን የፈቱት ጎረቤት ያለው የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት የሆኑ አንድ ሐጂ ናቸው። ጩኸታችንን ሰምተው መጡና ወንበር አስመጥተው ቡና አስቀድተው ሁለታችንንም በየተራ አናገሩን። ከእኔ ይልቅ ለባለቤቱ የሚያደሉ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ ሰባ ተባብላችኋል?» አሉት። «አዎን ሐጂ፣ ግን...» ሲል «ግን የሚባለው ሰኞ ነበር» ብለው አቋረጡት። ወደ እኔም ዞረው «አንቺም የእኔ ልጅ፣ መስታወቱ በውላችሁ ነበረ?» አሉኝ። አልነበረም፤ ልጁ ጨምሮ የሠራው በአለቃው ትእዛዝ ቢሆንም ተሠርቷል፣ ጥሩም ሆኗል። በዚሁ መሠረት 70 ሺህው ላይ 6 ሺህ 500 ተጨምሮ፣ ታክሱ 11 ሺህ 475 ታስቦ፣ በጠቅላላ 87 ሺህ 975 ብር በደረሰኝ ተከፈለ። ሐጂው ምስጋና ሳቀርብላቸው የአያቴን ስም ጠይቀው፣ ሰኞ ገበያ ያውቋቸው እንደነበር አጫወቱኝ። ኤድመንተን ውስጥ ቢሆን ውሉ አስቀድሞ ተጽፎ በኢሜይል ስለሚላክ ጠቡም አይነሣም፤ ነገር ግን ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ሥራውን አቋርጦ መጥቶ የሚዳኝ ጎረቤት አይገኝም።

«አምስት ዓመት ዋስትና አለው» የተባለውንም በቃል አልተውኩትም። ፊልሙ ቢጫ ቢሆን፣ ቢሰነጠቅ ወይም ጠርዙ ቢነሣ በነፃ እንደሚሠራ የደረሰኙ ጀርባ ላይ አስጽፌ ማኅተም አስመትቼበታለሁ። እናንተ ይህን መጀመሪያውኑ፣ ቀብዱን ከመላካችሁ በፊት አድርጉት። የሚለበሱት ክፍሎች በስማቸው ይጻፉ፤ የፊልሙ ዓይነትና በካርቶኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ ጠርዝ ማጠፍና ብክነት ዋጋው ውስጥ መሆናቸው፣ ታክሱም መካተት አለመካተቱ ይጻፍ፤ የማስረከቢያው ቀንም እንዲሁ። መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ያለውን ጭረት ሁሉ በስልካችሁ አንሡት። በረራችሁ በቀረበበት ሳምንት ደግሞ ፈጽሞ አትጀምሩት።

ስትረከቡ በየጠርዙ ሥር ትናንሽ የውኃ ከረጢቶች ልታዩ ትችላላችሁ፤ እነዚህ በፀሐይ ሙቀት እየተነኑ በቀናት ውስጥ ይጠፋሉ፤ የእህቴም ጠፍተዋል። በጣት ሲጫኑት የማይንቀሳቀስ የአየር አረፋ ወይም የታጠፈ መስመር ግን ራሱን አያስተካክልምና እዚያው አሳዩአቸው። ሙጫው እስኪይዝ ለአንድ ሳምንት ያህል መኪናውን አታሳጥቡት፤ ከዚያም በኋላ የላቫጆው ልጅ የግፊት ውኃውን ከጠርዙ አርቆ እንዲይዝ መንገር ያስፈልጋል፤ እህቴ ይህን በየጊዜው ስትናገር «መኪናሽ ሙሽራ ናት እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል።

ከተመለስኩ በኋላ የባምፐሩ የቀኝ ጥግ ትንሽ ተነሥቶ ነበር። እህቴ ደረሰኟን ይዛ ስትሄድ ባለቤቱ አልነበረም፤ ልጁ ግን ጥጉን አጽድቶ፣ በአልኮል አርሶና አሙቆ መልሶ አስያዘው፤ ሳንቲምም አልጠየቀም። አሁን የኋላ ባምፐሩንና የበሮቹን ጠርዝ ልታስለብስ አስባለች። የምትሄደው ወደዚያው ቤት ነው፤ ለባለቤቱ ከመደወሏ በፊት ግን ልጁ እዚያ እየሠራ መሆኑን ከሐጂው ሱቅ ትጠይቃለች።